ቪትዝ፣ ሊማሊሞ እና የ1,300 ሲሲ ሒሳብ

ሰሞኑን ኢንቦክሴ ከሚገቡት መልእክቶች ግማሾቹ ስለ መኪና ናቸው። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ኒውተን ሳስተምር ክፍል ውስጥ እጁን የሚያወጣ አልነበረም፤ ዛሬ ስለ ሲልንደር ብዛት የሚጠይቀኝ ሰው አልቻልኩትም። አንዱን ጥያቄ ግን ለብቻው መመለስ ስላልፈለግሁ እዚህ አወጣሁት። ዳባት የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ነው። (ስሙን አልናገርም፤ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ ነበር፣ ያወቃችሁት ዝም በሉ።)

«ቲቸር፣ ዕቁብ ወጣልኝ። ትንሽ ደግሞ እበደራለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ። ቪትዝ ልግዛ ወይስ ኤሌክትሪክ? ብዙ ጊዜ ጎንደር እመላለሳለሁ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ አማቾቼ ጋ ዓዲ አርቃይ እወርዳለሁ።»

ዓዲ አርቃይ ባይል ኖሮ መልሱ አጭር በሆነ ነበር። ዓዲ አርቃይ ማለት ሊማሊሞ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። አዲስ አበባ ያለ ሰው የቤት መኪና ሲል ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ቅዳሜ ገበያ የሚወስድ ማለቱ ነው። እኛ ደጋ ላይ የቤት መኪና ያለው ሰው መኪናው የእሱ ብቻ አይደለም። ሌሊት ምጥ የመጣባት የጎረቤት ልጅ አለች፣ ለቅሶ የሚደርስ ዕድር አለ፣ ኋላ ወንበር ላይ ሁለት እናቶች፣ ከእግራቸው ሥር አንድ ከረጢት ድንች፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት አለ። ስለዚህ «ትንሽ መኪና» ስንል የምንለካው በሜትር ብቻ አይደለም።

ልጅ ሆኜ ደባርቅ ትንሽ መኪና ብርቅ ነበር። የምናውቀው ኤንትሬውን ነው፣ ያንን የፊያት ከባድ መኪና። ከሊማሊሞ ሥር ሲወጣ ድምፁ ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ እኛም ወልቀፊት በኩል መጣ እያልን እንሮጥ ነበር። መንገዱን ጣልያን በወረራው ዘመን ነው ተራራውን እየፈለጠ ያወጣው፤ ወልቀፊት ላይ መሽጎ ቆይቶ እጁን የሰጠው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1941 ነበር። ጣልያን ሄደ፣ መንገዱና ቃላቱ ቀሩ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ባሊስትራ፣ ፊልትሮ... ዛሬ የቻይና መኪና ይዘህ ጋራዥ ብትገባ መካኒኩ የሚያናግርህ በጣልያንኛ ነው፣ ራሱ ባያውቀውም።

የትንሽ መኪናው ታሪክም ከጣልያን ይጀምራል። የአዲስ አበባው ሴይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ፣ ሞተሩ ከኋላ የሆነ፣ 633 ሲሲ ብቻ የሆነች ነገር ናት። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆና ስንቱን አመላልሳለች። ከዚያ ቮልስ አለች፣ በአየር የምትቀዘቅዘው፤ ራዲያተር የሌላት መኪና ራዲያተሯ አይፈላም፣ ለዳገት አገር ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በደርግ ጊዜ ላዳ መጣች፤ እሷም ብትሆን የፊያት 124 የሩሲያ ልጅ ናት። ቀጥሎ ዲኤክስ። ዲኤክስ የምንላት የ1980ዎቹ ኮሮላ ናት፤ ዲኤክስ ሞዴል ሳይሆን ቶዮታ ዴሉክስ ለማለት የለጠፈው የደረጃ ምልክት ነበር፣ እኛ ግን ስም አድርገን አወጣንላት። እስካሁን ጎንደር ውስጥ ትታያለች። እንደ ብረት ድስት ናት፣ አትሰበርም። ችግሯ ካርቡራተሯ ነው፤ ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን መቀነስ አታውቅም፣ ስለዚህ ደባርቅ ስትደርስ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ ነዳጅ እየጠጣች ትንፏቀቃለች።

ከዚያ ቪትዝ።

ቪትዝ ጃፓን ውስጥ የወጣችው እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ነው፣ በስታርሌት ቦታ። አውሮፓ ያሪስ ተባለች፣ በ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ሆና ተመረጠች። ቅርጿን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነው። «ቪትዝ» ከጀርመንኛ የመጣ ስም ሲሆን ብልሃት እንደማለት ነው፤ ቀልድም ይሆናል። ዛሬ የገበያ ዋጋዋን ስሰማ ሁለተኛው ትርጉም ነው ትዝ የሚለኝ።

የመጀመሪያዋ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ61 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ክብደቷ ከ900 ኪሎ ብዙም አያልፍም፣ ባለ 1 ሊትሯ ሞተር 70 የፈረስ ጉልበት አላት፣ ባለ 1.3ቷ 87። የታይሚንግ ቺንጊያ የላትም፣ ሰንሰለት ነው፤ ስለዚህ ቺንጊያ ተበጥሶ ሞተር ተበላ የሚባል ወሬ እሷ ጋ የለም። ፍጥነት የሚያሳየው ሰዓት ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ነው የተቀመጠው። ይኼ ሰዓት መሃል መሆኑ ለእኛ ሳይጠቅም አልቀረም፤ ምክንያቱም ጃፓኖች በግራ ስለሚነዱ መሪው በቀኝ ነው፣ የእኛዎቹ ብዙዎቹ ቪትዞች ደግሞ ኤምሬትስ ውስጥ መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ ነው የመጡት። የተዛወረች መሆኗን ለማወቅ ብዙ ጥበብ አያስፈልግም። የዝናብ መጥረጊያዋን ሥሩ፤ ሾፌሩ ፊት ያልተጠረገ ጥግ የምትተው ከሆነ መጥረጊያዋ የተሠራው ለቀኝ ሾፌር ነው።

ግን ቪትዝ እንዲህ አገር ምድሩን የሞላችው ስለምታምር ወይም ስለማትበላሽ ብቻ አይደለም። ነገሩ ሒሳብ ነው። በድሮው ኤክሳይስ ታክስ እስከ 1,300 ሲሲ ያለ መኪና 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ 100 በመቶ ይከፍል ነበር። ይኼ ብቻውን አይደለም፤ 35 በመቶ ጉምሩክ፣ 15 በመቶ ቫት፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባል። አባዙት፦ 1.35 በ1.30 በ1.15 በ1.10። የ100 ብር ትንሽ መኪና ወደ 222 ብር ይሆናል ማለት ነው። ኤክሳይሱን 100 በመቶ ስታደርጉት ደግሞ 100 ብሩ ከ340 በላይ ይሆናል። አሁን የባለ 1.3ቷን ቪትዝ ሊብሬ አውጥታችሁ ሲሲዋን ተመልከቱ፤ 1,298 ይላል። ከድንበሩ ሁለት ሲሲ ዝቅ ብላ። ለእኛ ተብላ የተሠራች አይደለችም፣ ግን ለእኛ የተሠራች ያህል ገጠመች። ላይ ደግሞ ያገለገለ መኪና በዕድሜው መጠን ዋጋው ተቀንሶ ስለሚቀረጥ የ2000፣ የ2002 ሞዴል ማስገባት አዋጪ ነበር። አንድ አስተማሪ፣ አንዲት ነርስ፣ ከቤተሰብና ከዕቁብ ጋር ሆነው መኪና የያዙበት ዘመን ያ ነው። እኔም በዚያ በር ነው የገባሁት።

አገር ውስጥ የተገጣጠመ ርካሽ መኪናም ተሞክሮ ነበር። ሞጆ ላይ ሆላንድ ካር ዓባይ፣ አዋሽ እያለ በወንዞቻችን ስም መኪና ሲያወጣ ደስ ብሎን ነበር፤ ዓባይ የቻይናው ሊፋን 520፣ አዋሽ ደግሞ ጃክ ነበሩ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሰረ። ወንዞቹ ቀጥለዋል።

በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1186 ወጣና ሒሳቡ ተገለበጠ። አዲስ ትንሽ መኪና ኤክሳይሱ 5 በመቶ ወረደ፣ አሮጌ መኪና ግን በዕድሜው ልክ ቅጣት የሚመስል ታክስ ተጫነበት። ሐሳቡ ይገባኛል፤ የሌላው ዓለም ጭስ ማራገፊያ አንሁን ነው። ነገር ግን የእኛ ሰው አዲስ መኪና የሚገዛበት ዶላር መቼ ነበረው? ከዚያ ጥር 2016 ላይ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። በዓለም የመጀመሪያው አገር ሆንን። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ተለቀቀ። በሩ ሲዘጋና ብሩ ሲረክስ ውስጥ የቀረችው ቪትዝ ምን ትሆናለች? ወርቅ ትሆናለች። ሃያ ዓመት ያለፋት፣ መሪዋ የተቀየረ፣ ፓራውርቶዋ በሽቦ የታሰረ ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ ትጠየቃለች። ዛሬ መኪና የሌለኝ ብሆን፣ ደመወዜን ሳልበላ ሳልጠጣ ባጠራቅም ጡረታዬ ይቀድመኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ፊዚክሱ። (አትሩጡ፣ ፈተና የለም።)

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳር ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን እንኳ አይሞላም። ልብ በሉ፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ባለ 1 ሊትሯ ቪትዝ 70 ፈረስ ይዛ ተነሥታ ደባርቅ ስትደርስ በእጇ የቀረው 50 ገደማ ነው። ባለ 1.3ቷ ከ60 ጥቂት በላይ ይቀርላታል። ቪትዝ እንደ ዲኤክስ አትጨስም፣ ኢንጄክሽኗ አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ የሌለ አየር ግን ከየት ታመጣለች? አምስት ሰው ጭና የሊማሊሞን ጥምዝ ስትወጣ ኤሲ የከፈተ ሰው ወርዶ ይገፋል። ከ2005 ወዲህ የወጣችው ሁለተኛዋ ቪትዝ ረዘም ብላለች፣ 3.75 ሜትር፤ ባለ 1 ሊትሯ ግን ባለ ሦስት ሲልንደር ሆነች። ለከተማ ቆንጆ ናት። ለእኛ ዳገት 1.3 ያልሆነች ቪትዝ አልመክርም፣ ነጥብ።

ከሳንቃበር ወዲያ ወደ ጨነቅ የሚወስደውን ፒስታ ቪትዝ ይዛችሁ አትሞክሩት። ሆዷ ዝቅ ያለ ነው። ፓርኩን ለማየት ላንድክሩዘር የሚከራዩት ፈረንጆች ገንዘብ በዝቶባቸው አይደለም።

ከመውጣቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ መውረዱ ነው። ሊማሊሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ይዞህ ይወርዳል። 1,500 ኪሎ ሆና የተጫነች መኪና 1,000 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ኃይል፣ 1,500 በ9.8 በ1,000፣ ወደ 14.7 ሚሊዮን ጁል ነው። ይኼ ሁሉ የሆነ ቦታ መግባት አለበት። እግርህን ፍሬን ላይ ጭነህ ከወረድክ የሚገባው ፍሬን ሸራው ውስጥ ነው፤ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ከዚያ መጸለይ ነው። አውቶማቲክ የምትነዱ ሰዎች ማርሹ ላይ የተጻፉት 2 እና ኤል ለጌጥ አይደሉም። ከላይ ሳትጀምሩ አስገቡና ሞተሩ ይያዛችሁ። ድሮ የኤንትሬ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉ ነበር።

አሁን እዚህ ጋ ነው ኤሌክትሪኩ ልቤን የሰረቀኝ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ጎንደር ያለው ጉልበቱ ቧሂት ሥርም ያው ነው። ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለውን ትንሿን ብንወስድ 55 ኪሎዋት ሞተር አላት፣ ወደ 75 ፈረስ ማለት ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ ከባለ 1 ሊትሯ ቪትዝ ብዙም አትበልጥም፣ ደባርቅ ላይ ግን በአንድ ተኩል እጥፍ ትበልጣለች። ስትወርድ ደግሞ ያንን 14.7 ሚሊዮን ጁል፣ በመብራት ኃይል ቆጣሪ ቋንቋ 4.1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ፍሬን ላይ ከማቃጠል ይልቅ ከፊሉን ወደ ባትሪው ትመልሳለች። ሊማሊሞን ወርዳ ታች ስትደርስ ባትሪዋ ወይ ባለበት ነው ወይ ትንሽ ጨምሯል። እዚህ ላይ አንድ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ፦ ደባርቅ ላይ 100 በመቶ ሞልታችሁ ወዲያው ሊማሊሞን አትውረዱ። የሞላ ባትሪ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ያኔ ሸክሙ ተመልሶ ፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። 85 ላይ ነቅላችሁ ውጡ።

ስለዚህ ኤሌክትሪክ ግዛ ልበለው? ቆይ።

የሲጋል ባትሪ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ 30 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሌላው ወደ 39። ቻይናዎቹ ለትንሹ 305፣ ለትልቁ 405 ኪሎ ሜትር ይላሉ፤ ይኼ በእነሱ ለስላሳ መለኪያ ነው። እኔ እንዲህ አስቤዋለሁ፦ ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳ ቢሆን 12 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃ ነበር። ከጎንደር እኛ ጋ ለመድረስ ከ600 ሜትር በላይ መውጣት አለ፣ ያ ወደ 3 ይጨምራል፤ ኮሶዬንና አምባ ጊዮርጊስን ወጥቶ መውረዱ ሌላ 1። መምጫው 16፣ መመለሻው 10 ብትሉ ድምሩ 26 ነው። ባለ 30ው ደርሶ መልስ ልክ ጫፉ ላይ ነው፣ አልፈልገውም። ባለ 39ኙ ይመቻል። ከዳባት ለሚነሣ 150 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ስለሆነ ትንሹም ቢሆን ይበቃዋል፣ የሆነ ቦታ መብራት እስካልጠፋ።

መብራት! ቤት ውስጥ በተራ ሶኬት 2 ኪሎዋት ብትስቡ ባዶውን ባለ 30 ለመሙላት አሥራ አምስት ሰዓት ነው። ደባርቅ ውስጥ ሳይቋረጥ አሥራ አምስት ሰዓት መብራት የቆየበትን ቀን የምታስታውሱ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሕዳሴ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ እልል ብለናል፤ ከሕዳሴ እስከ እኔ ግድግዳ ያለው ሽቦ ግን ያው የድሮው ነው። ቤንዚንም ቢሆን ይጠፋል፣ እውነት ነው፤ ቤንዚን ግን በቢጫ ጀሪካን ከዘመድ ይበደሩታል። መብራት በጀሪካን አይመጣም።

ሌላው ወንበሯ ነው። ቻይና ውስጥ የምትሸጠው ሲጋል የአራት ሰው መኪና ናት። ሦስት ልጅ ያለው ሰው ከባለቤቱ ጋር አምስት ነው። አንዱን ልጅ ማን ይተወው? ደባርቅ ላይ አራት ሰው ብቻ የሚጭን መኪና ይዤ ባልፍ መንገድ ላይ የቆሙት እናቶች ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

የታክሱ ነገር ግን ወደ ኤሌክትሪኩ ያዳላ ነበር፤ በ2014 በወጣው መመሪያ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ጉምሩኩ 15 በመቶ ብቻ ሆኖ ቫት፣ ኤክሳይስና ሱር ታክስ ተነሥቶለት ነበር። ያንን የ222 ብር ሒሳብ አስታውሱ። በዚያ መመሪያ በግማሹ ነበር የሚያልፈው። ሰው የሮጠው ለዚህ ነው።

በእኛም ቤት ክርክሩ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ያለው ልጄ በየሳምንቱ ይደውላል፦ «አባዬ፣ አሁን ሽጣት። ኤሌክትሪኩ እየበዛ ሲሄድ ቪትዝ ይወርዳል፣ ያኔ ማንም አይጠይቅህም።» ልጁ ሞኝ አይደለም፣ ልክ ሊሆን ይችላል። ቪትዟ ከቤታችን ቀጥሎ ያለችን ትልቋ ሀብት ሆናለች፤ ከእናቱ ጋር ባጠራቀምነው ሁሉ ትበልጣለች። ነገር ግን ባለቤቴ የዓይን ግፊት አለባት። በየሦስት ወሩ ጎንደር ሐኪም ማየት አለባት፣ ጠብታው ሲያልቅ ደግሞ ቀን አይሰጥም። መንገድ የሚዘጋበት ሰሞን የትኛውም መኪና አይረዳም፤ በተከፈተ ማግሥት ግን ሚኒባስ መናኸሪያ ላይ ሰው በሰው ላይ ሲወጣ፣ በራሳችን መኪና ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መውጣት መቻላችን ስንት ቀጠሮ እንዳዳነ እኔ ነኝ የማውቀው። ልጄ በስልክ ሲከራከር ሰምታ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና «እኔ የማስበው ስለ ዓይኔ ነው፣ ስለ ቪትዝ ዋጋ አንተ አስብ» አለችው። ዝም አለ። ልጅ እናቱን አይረታም።

አንተ የዳባቱ ተማሪዬ፣ ለአንተ የምለው ይኼ ነው። ዓዲ አርቃይን በዓመት ሁለቴ ብቻ የምትወርድ ከሆነ ሊማሊሞ ላይ ተመሥርተህ መኪና አትምረጥ። አምስት ናችሁና ሲጋልን እርሳት። አምስት ሰው የሚይዝ፣ ባትሪው 40ን ያለፈ ኤሌክትሪክ ዕቁብህና ብድርህ ከቻለ፣ ጎንደር ደግሞ የምታድርበት ዘመድ ቤት የሚሰካበት ካለ፣ ውሰደው፣ ስትወጣ ታመሰግነኛለህ። ብድሩ ካንገት በላይ ከሆነብህ ግን ባለ 1.3 ቪትዝ ፈልግ። ደላላው በሚነግርህ ኪሎ ሜትር አትመን። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሄደህ አንተ ራስህ አስነሣ፤ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ ጥለህ ሂድ። መሪዋ የተቀየረበትን ብየዳ ከሥሯ ገብቶ የሚያይልህ መካኒክ ይዘህ ሂድ፤ ሊማሊሞ ጥምዝ ላይ የሚይዝህ ያ ብየዳ ነው። ፍሬን ሸራውን ደግሞ ገዝተህ በገባህ ሳምንት አስቀይር፣ ደህና ነው ቢሉህም። ከዚያ የተረፈህን ብር ለጎማ።

የኤሌክትሪክ መኪና ይዛችሁ ደባርቅ የወጣችሁ ካላችሁ ከጎንደር ስትነሡ ባትሪው ስንት እንደነበር፣ ስትደርሱ ስንት እንደቀረ ጻፉልኝ። የእኔ 16 በወረቀት ላይ ነው፣ መንገዱ የሚለውን ልስማ።

እኛ ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ጎንደር እንወርዳለን። ኋላ ሁለት ቦታ አለ። ዳባት ላይ አንድ ሰው ስለምንጭን አምባ ጊዮርጊስ ያላችሁ አትጠብቁን፣ እንሞላለን።